ቀን ቆጥሮ መመርመር፦ ለሐረር ሰው የኮሮና ምርመራ መመሪያ

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ስንጫወት ዋልን። ሰኞ ማታ ደወለልኝ፤ ኮሮና ተገኝቶበታል። ማክሰኞ ጠዋት ሮጬ ተመረመርኩ፤ ነጋቲቭ ተባልኩ። የውጤቷን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በማግሥቱ ጁገል ውስጥ ለቅሶ ሄድኩ። ማስኬን አውልቄ ነደባው ላይ ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ። አክስቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስኳር ያለባቸው ሴት ናቸው። «ተመርምረሃል?» አሉኝ። ወረቀቷን አሳየኋቸው፤ እጄን ያዙኝ። ሐሙስ ሌሊት ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። በሳምንቱ እሳቸው ኦክስጅን ላይ ነበሩ። አልሐምዱሊላህ፣ ድነው ቤታቸው ገቡ።

ምርመራው አልዋሸኝም። ማክሰኞ ጠዋት አፍንጫዬ ውስጥ የሚገኝ ነገር ገና አልነበረም። እኔ ግን የማክሰኞውን መልስ ለረቡዕም ለሐሙስም አድርጌ ወሰድኩት። ስለ ኮሮና ምርመራ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምለው ይኸው ነው፦ ከመመርመርዎ በፊት ቀን ይቁጠሩ። ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር፣ የት እንደሚኬድ፣ ውጤቱ ሲመጣም ምን እንደሚደረግ እነሆ።

«አሁንም ኮሮና አለ እንዴ?» የሚል ብዙ ነው። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የተጠርጣሪዎች ናሙና የሚላከው ደቡብ አፍሪካ ድረስ ነበር። ቀጥሎ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ መመርመር ጀመረ፤ ሥራው ወደ ክልል ላቦራቶሪዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ወረደ፤ በነሐሴ 2012 ደግሞ አገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ተካሄደ። ተመርምሮ የተገኘበት ሰው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፤ ከ7,500 በላይ ሰው ሞቷል፤ ሳይመረመር የታመመውና የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያነሣው የዓለም አቀፍ ስጋት አዋጁን ነው። ቫይረሱ አሁንም ከመካከላችን ነው። ለወጣቱ ብዙ ጊዜ እንደ ጉንፋን ያልፋል፤ ለአዛውንት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም ዛሬም ከባድ ነው።

መጀመሪያ የምርመራውን ዓይነት ይለዩ

ሰው «ተመርምሬያለሁ» ሲልዎ «የትኛውን?» ብለው ይጠይቁ።

አንደኛው ፒሲአር የሚባለው ነው፤ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ይፈልጋል። መኪና ግርግር ቆመው ልብስ ሰፊዎቹን አይተው ከሆነ አሠራሩ ይገባዎታል። ሰፊው ከአንድ የወረቀት ንድፍ ሌላ ቆርጦ ያወጣል፤ ሁለት ሆኑ። ከሁለቱ ሁለት ሲቆርጥ አራት፣ ከአራቱ ስምንት። የላቦራቶሪው ማሽንም ናሙናውን እያሞቀና እያቀዘቀዘ ቅንጣቷን እንዲሁ ያባዛታል፤ 30 ዙር ሲሞላ አንዷ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። ኢምንት ብትኖር እንኳ የሚያገኛት ለዚህ ነው። ማሽኑ ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ ናሙና ሲጠራቀምና ሲጓጓዝ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ለቲቢ ምርመራ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ባለበት፣ ለኮሮና የተሠራው ካርትሪጅም ከተገኘ፣ ማሽኑ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ ሲሄዱ «በጂን ኤክስፐርት ትሠራላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ሁለተኛው ፈጣኑ ምርመራ፣ አንቲጂን የሚባለው ነው። ትንሿ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ጠብታ አድርገው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚጠብቁት እሱ ነው። የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። እንደ ፒሲአር አያባዛም፤ ስለዚህ አፍንጫ ውስጥ ያለው ቫይረስ ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት በፒሲአር ከተረጋገጡ 100 ታማሚዎች ቢያንስ 80ውን ማግኘት ነው። ቀሪዎቹ 20 ሰዎች «ነጻ ነኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ጤነኛውን ሰው በስሕተት ታማሚ የማለት ዕድሉ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ምርመራ «አለ» ሲልዎ ይመኑት፤ «የለም» ሲልዎ ይድገሙት።

ከጣት ደም ወስዶ አንቲቦዲ የሚያይ ምርመራም አለ። ያ ቀድሞ ታመው ወይም ተከትበው እንደነበረ እንጂ ዛሬ መታመምዎን አይነግርዎትም። ለዚህ ጉዳይ ገንዘብዎን አያውጡበት።

ቀኑን ይቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሡ። በሽታው ከተገኘበት ሰው ጋር መጨረሻ የተገናኙበትን ቀን ይጻፉ፤ እሱ ዜሮ ነው። ከሥሩ የመጀመሪያው ምልክት የታየብዎትን ቀን ይጻፉ፤ ምልክት ከሌለ ባዶውን ይተዉት። የላቦራቶሪ ባለሙያውም ሐኪሙም የሚጠይቁዎት እነዚህን ሁለት ቀኖች ነው፤ ብዙ ሰው ግን «እንዲያው ሰሞኑን» ብሎ ያልፋቸዋል።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ያወጡት ጥናት አለ፤ ያውም ስለ ፒሲአር፣ ከሁሉ ስለሚሻለው ምርመራ። ሰው በተያዘበት በመጀመሪያው ቀን ቢመረመር ምርመራው ምንም አያገኝም። በ4ኛው ቀን እንኳ ከ100 ሰዎች 67ቱን ይስታል። ምልክት በሚጀምርበት በ5ኛው ቀን የሚስተው ወደ 38 ይወርዳል፤ በ8ኛው ቀን 20 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ከፍ እያለ ይሄዳል። ጥናቱ የተሠራው በመጀመሪያው ዝርያ ነው፤ በኋላ የመጣው ኦሚክሮን ፈጠን ስለሚል ምልክቱ ብዙ ጊዜ በ3 ቀን ገደማ ይታያል። መልኩ ግን ያው ነው፤ ገና በማለዳ የሄደ ሰው ባዶ መልስ ይዞ ይመለሳል።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ምልክት ካለብዎ፣ ማለትም ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ድካም፣ ቁርጥማት ወይም ሽታና ጣዕም መጥፋት ከታየብዎ፣ ቀን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይመርመሩ። ፈጣኑ ምርመራ ጥሩ የሚሠራው ምልክት ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ቀናት ውስጥ ነው። ነጋቲቭ ከሆነ ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገሙት፤ ወይም ፒሲአር ያሠሩ።

ምልክት ከሌለብዎ፣ ግን ከታማሚ ጋር ከተገናኙ፣ 5 ሙሉ ቀን ይጠብቁ። እኔ ዜሮን እሑድ ብዬ ብቆጥር ኖሮ ቀኔ ዓርብ ነበር። በፈጣኑ ከተመረመሩና ነጋቲቭ ከሆነ በሁለት ቀን ልዩነት ደጋግመው በድምሩ ሦስት ጊዜ ይመርመሩ። በመሀል ጉሮሮዎን ከከረከረዎ 5ኛውን ቀን ይተዉትና በዚያው ዕለት ይሂዱ። እስከዚያ ማስክ ያድርጉ፣ ከአዛውንት ይራቁ፣ ለቅሶም ከሆነ በስልክ ይድረሱ። ለቅሶ መቅረት በኛ አገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለአፎቻው አስቀድመው ምክንያቱን ከነገሩ ግን ማንም አይቀየምዎትም።

«መገናኘት» ማለት ምንድን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ሰላም ብለውት ያለፉት ሰው በዚህ አይገባም። በርጫ ግን ሌላ ነው። በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ከምሳ እስከ መግሪብ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ፣ እየተጫወቱና እየሳቁ ሲዋል ሜትር መለካት ትርጉም የለውም፤ የክፍሉ አየር አንድ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ቢገኝበት ሁላችሁም ቆጠራ ጀምሩ። ከታማሚው ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ግንኙነቱ በየቀኑ ስለሆነ ዜሮው በየቀኑ ይታደሳል፤ እሱ ምልክት ባየ ቁጥር ወዲያው ይመርመር።

ትኩሳት ሲኖር ደምም ያሳዩ

ይህን በተለይ ለኛ አካባቢ ሰው አጥብቄ እላለሁ። በኤረር ቆላ ወባ አለ፤ ድሬዳዋ ላይ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደንጊ ትኩሳት ደጋግሞ ተነሥቷል፤ በኛና በድሬዳዋ መካከል ያለው መንገድ የአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወባም ደንጊም ኮሮናም በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጀምራሉ። ድሬ ወይም ቆላ ወርደው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩና ለኮሮና ናሙና ሲሰጡ ለወባም የደም ምርመራ ያሠሩ። የኮሮናው ነጋቲቭ መሆን የወባውን አያስቀርም፤ አንዱ ተገኘ ማለትም ሌላው የለም ማለት አይደለም። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ አስፒሪንም አይቡፕሮፌንም አይውሰዱ፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ አክታዎን ለቲቢ ያስመርምሩ።

ዳማከሴውም፣ ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ይሁን። ጉሮሮን ያለዝባሉ፤ እኔም እጠጣለሁ። ብቻ «ላብ ወጣልኝ፣ ተሻለኝ» ብለው ምርመራውን እንዳያስተላልፉት።

ወደ መመርመሪያው ሲሄዱ

ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ። በወረርሽኙ ጊዜ የምናውቃቸው ነጻ መስመሮች 8335 እና 952 ነበሩ፤ ካልተነሣ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቁ። ኪት የማይኖርበት ቀን ስላለ «ዛሬ ትመረምራላችሁ? በፈጣኑ ነው በፒሲአር? ክፍያው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ መንገድ ያድናል። ጁገል ሆስፒታልም ሕይወት ፋናም ሲሄዱ ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ምልክት እንዳለብዎ በር ላይ ለሚገኘው ሠራተኛ ይንገሩ፤ ከሌላው ሕመምተኛ ጋር ወረፋ እንዳይቀላቀሉ ነው። ባጃጅ ከያዙ ማስክ አድርገው የጎኑን ሸራ ይክፈቱት። ጁገል ውስጥ በጠባቡ መንገድ እስከ በሩ በእግር መውጣት የማይችል አቅመ ደካማ ታማሚ ካለ ደግሞ አስቀድመው ሰው ያዘጋጁ፤ መኪና የማይገባበት ሰፈር ብዙ ነው።

መታወቂያዎን፣ የጤና መድን ካለዎ ደብተሩን፣ ሁለቱን ቀኖች የጻፉባትን ወረቀት ይያዙ። ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ናሙናው ከጉሮሮ የሚወሰድ ከሆነ ለ30 ደቂቃ ያህል አይብሉ፣ አይጠጡ፣ አያጭሱ፤ ጫት ይዘው ከነበረ አስቀድመው አፍዎን በደንብ ይጉመጥመጡ። በረመዳን ለሚሄዱ፦ ዱላዋ ደረቅ ናት፣ የሚዋጥ ነገር የለም፤ ልብዎ ካልተረጋጋ ግን ኢማምዎን ይጠይቁ ወይም ከኢፍጣር በኋላ የሚመረምር ቦታ ይፈልጉ።

ናሙና ሲሰጡ የሚሆነው ይህ ነው። ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ማስክዎን ከአፍንጫ ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ንፍጥ ካለ በሶፍት ይናፈጣሉ። ባለሙያው ራስዎን ወደ ኋላ ዘንበል ያደርግና ጫፏ ላይ ለስላሳ ቃጫ ያላትን ቀጭን ዱላ በአፍንጫዎ ያስገባል። ዱላዋ ወደ ላይ፣ ወደ ዓይን አትሄድም፤ ከላንቃ ጋር ትይዩ ሆና ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ነው የምትገባው። እዚያ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ፣ ዞራ ትወጣለች። ዓይንዎ ያነባል፣ ሊያስነጥስዎ ወይም ሊያስልዎ ይችላል፤ ከአሥር ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ራስዎን ወደ ኋላ አይሳቡ፤ ናሙናው የሚበላሸው ያኔ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ ብቻ ነካ ተደርጎ ከወጣ ነጋቲቭ ቢባሉ አያስደንቅም፤ ስለዚህ «በደንብ ይውሰዱልኝ» ማለት መብትዎ ነው። የአፍንጫ አጥንት ችግር፣ ነስር፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለዎ አስቀድመው ይናገሩ። ልጅ ይዘው ከሆነ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው፣ ግንባሩን በአንድ እጅ፣ ሁለት እጆቹን በሌላው አቅፈው ይያዙት።

ሰሌዳዋን ማንበብ

ፈጣኑን ምርመራ ራስዎ ቤት የሚሠሩ ከሆነ በመጀመሪያ ፓኬቱ ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይዩ። ቀጥሎ መመሪያው ያዘዘውን የጠብታ ቁጥር ብቻ ያንጠባጥቡ፤ ሲበዛም ሲያንስም ያሳስታል። የስልክዎን ሰዓት ይሙሉ። ሰሌዳዋ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፦ ሲ እና ቲ። ሲ ላይ መሥመር ካልወጣ ምርመራው አልሠራም፤ ቲ ላይ ምን ቢታይ ይጣሉትና በሌላ ይድገሙ። ሲ ላይ ብቻ ከወጣ ነጋቲቭ። በሁለቱም ላይ ከወጣ ፖዘቲቭ፤ የቲ መሥመር ቢደበዝዝም፣ በፀሐይ ብርሃን ካልሆነ ባይታይም፣ ፖዘቲቭ ነው። «ትንሽ ነው ያለብኝ» የሚባል ነገር የለም። ከተባለው ደቂቃ በኋላ የሚወጣ መሥመር ግን አይቆጠርም፤ ማታ ሠርተው ጠዋት አያንብቡ።

ውጤቱ ሲመጣ

ነጋቲቭ ከሆነ ወደ ወረቀትዎ ይመለሱ። ቀኑ ደርሶ ነበር? ተደግሟል? ምልክት አለ? ምልክት እያለ አንድ ነጋቲቭ ይዞ አያት ጎን አይቀመጥም።

ፖዘቲቭ ከሆነ አይሸሸጉ። በመጀመሪያው ዓመት አምቡላንስ በር ላይ ሲቆም ጎረቤት ይሸሽ ስለነበር ብዙ ሰው ሳሉን በነጠላ አፍኖ ነበር የሚወጣው፤ ያ ፍርሃት የበላው ሰው አለ። ላገኟቸው ሰዎች ዕለቱን ይደውሉ፤ የእነሱ ዜሮ ከእርስዎ ጋር መጨረሻ የተገናኙበት ቀን ነው። ምልክት ካለብዎ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ለ10 ቀን፣ ምልክት ከሌለብዎ ከተመረመሩበት ቀን ለ5 ቀን ተለይተው ይቆዩ፤ በመሀል ፈጣኑ ምርመራ ነጋቲቭ ካለ ቀደም ብለው መውጣት ይችላሉ።

የሐረሪ ቤት መለየትን ያስቸግራል። ሁሉ ነገር የሚሆነው በአንዱ ትልቅ ክፍል፣ በአምስቱ ነደባ ላይ ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ እንግዳ ይቀበሉበታል። ሙሽሮች የሚቆዩበት ኪርታት ለታማሚ የሚመች ይመስላል፤ ግን አየሩ ከዋናው ክፍል ጋር አንድ ነው። በሩ ወይም መስኮቱ ወደ ግቢ የሚከፈት ክፍል ካለ ታማሚው እዚያ ይሁን። ከሌለ ታማሚውን ከበሩ አጠገብ፣ አዛውንቱን ከሌላው ዳር አድርገው በሩን ቀን ሙሉ ክፍት ያድርጉት፤ ቤት ውስጥም ሁሉም ማስክ ያድርግ። አያትየው ለአሥር ቀን ወደ ልጃቸው ቤት ቢሄዱ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን እሳቸውም ይመርመሩ።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካገኙ ጠዋትና ማታ ይለኩ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይ 94 ወይም 95 ቢያዩ አይደንግጡ። ከ90 በታች ከወረደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። መለኪያ ባይኖርም ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ የሚቃዥ፣ ወይም ውሃ መጠጣት ያቃተው ሰው የምርመራ ውጤት አይጠብቅም።

ከዳኑ በኋላ «ለቀቀኝ ወይ?» ብለው ፒሲአር አይመርመሩ። ማሽኑ የሞተውንም ቅንጣት ስለሚያባዛ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ የሚያስተላልፉት ነገር ሳይኖር ያስጨንቅዎታል። ለሐጅ፣ ለዑምራ ወይም ለሥራ ከድሬዳዋ ተነሥተው የሚሄዱ ከሆነ አብዛኛው አገር የኮሮና ወረቀት መጠየቅ ትቷል። ቢሆንም ትኬት ሲቆርጡ አየር መንገዱን ይጠይቁ፤ ከተጠየቁ ስንት ሰዓት ያልሞላው ውጤት እንደሚፈለግ ይወቁና ከበረራው ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥረው ናሙና ይስጡ። ወረቀቱ ሲሰጥዎት በላዩ ያለው ስም ከፓስፖርትዎ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ከመስኮቱ ሳይለቁ ያንብቡ።